የተበየደው ወንበር

ይድረስ ለአባቴ፤

አባዬ፣ እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ጉልበትህን ብርድ እየነካካህ እንደሆነ ሰምቻለሁ። የዓይንህን ጠብታስ ትጨምራለህ ወይስ ጠርሙሱ እንደለመደው መስኮት ላይ ተቀምጦ አቧራ ይጠጣል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልህ እበላለሁ፣ ሥራ እገባለሁ፣ ሲመሽ እተኛለሁ ማለቴ ነው። ሌላውን እዚሁ ደብዳቤ ውስጥ ታገኘዋለህ።

የምታነብልህ እማዬ እንደሆነች አውቃለሁ። እማዬ፣ አንቺስ እንዴት ነሽ? ወገብሽስ? በይ መነጽርሽን አድርጊና ቀስ ብለሽ አንብቢለት። የሚያናድደው ቦታ ላይ ስትደርሺ ደግሞ እንደ ልማድሽ ዘለሽ እንዳታልፊ። እንደጻፍኩት ይስማው።

ጎማ ጠጋኙ መልእክትህን አድርሶልኛል። ሥራ ቦታዬ ድረስ መጥቶ፣ በሩ ላይ ቆሞ ኮፍያውን ሲያሽከረክር ቆየና፣ አባትሽ ለአንድ ቀን ብቻ መጥተሽ የመኪናዋን ወንበር ወደ ኋላ አድርገሽ በይደሽለት እንድትመለሺ ብሏል አለኝ። የሚቀጥለው ሳይሆን ከእሱ ቀጥሎ ባለው እሁድ ወንድሜ ሊነዳት እንደሚመጣም ነገረኝ። ሌላስ ምን አለ ብዬ ጠየቅኩት። ደህና ነሽ ወይ አላለም ወይ አልኩት። ምስኪን፣ ሊዋሽልህ ሞክሮ ነበር፤ ግን ፊቱ አሳበቀበት።

መልሴን ከመስጠቴ በፊት ትሰማኛለህ። የማውቀውን ታሪክ ልትነግረኝ ነው እንዳትል። አንተ የምታውቀው መኪናዋን ነው። እኔ ምን እንደሆንኩ አታውቅም።

ወንድሜ ጋራዡን ጥሎ የሄደ ጊዜ ታስታውሳለህ? ገና በዘጠነኛው ቀን ነበር። ጣቱን ኮፈን መታው፣ ቱታውን አውልቆ ምስማር ላይ ሰቀለና እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም ብሎ ወጣ። እንግዲህ ሰባት ዓመት ሆነው። በሳምንቱ እኔ ገባሁ። ማንም አልጠራኝም፤ ክሪክ የሚያቀብልህ ሰው ስላልነበረ ነው የገባሁት። ከዚያ ዓይንህ እየደከመ ሲመጣ ብየዳው ሁሉ የእኔ ሆነ። ደንበኛ መጥቶ ማነው የበየደው ብሎ በተደነቀ ቁጥር ደረትህን ነፋ አድርገህ፣ ልጄ ናት፣ እሷ እኮ ወንድ ናት ትል ነበር። እኔም ጅሏ ደስ ይለኝ ነበር! ጭንብሌን ወደ ላይ ገልብጬ ፈገግ እል ነበር።

ያን እሁድ ከከተማ ወጣ ብሎ ወዳለው አሮጌ አውሮፕላን ማረፊያ የሰው ፍሬን ልንጠግን የሄድን ጊዜ ነው ነገሩ የተጀመረው። ሰዎቹ ሀብታሞች አልነበሩም። ፖስተኛ ነበረ፣ ነርስ ነበረ፣ አንድ ዳቦ ጋጋሪ ነበረ። አሮጌ ጎማ ደርድረው መታጠፊያ ሠርተው፣ በየተራ አንድ አንድ ዙር በሰዓት እየተለካ ይነዱና ሰኞ በዚያችው መኪና ሥራ ይገባሉ። ስንመለስ ድምፅህ የጎረምሳ ድምፅ ሆኖ ነበር። ርካሽ አሮጌ መኪና ብናገኝ ከእነዚህ ሁሉ የተሻለ እንሠራለን አልከኝ። እንሠራለን ነው ያልከው አባዬ፤ እሠራለሁ አላልክም።

መንገዱን ሁሉ ስትዘረዝርልኝ መጣህ። ቀላል ትሁን፤ ከኋላ ጎማ የምትገፋ ትሁን፤ ማርሿ በእጅ የሚቀየር፣ ዕቃዋ በየአሮጌ ዕቃ መሸጫው የሚገኝ። የሞተር ጉልበት አያታልልሽ አልከኝ። መጀመሪያ ፍሬን፣ ከዚያ ጎማና አሞርዛተር፣ ሞተሩን መጨረሻ እናየዋለን። ይህን ሁሉ ስትነግረኝ ለማን እየመረጥን እንደሆነ አንድም ቀን አልጠየቅኩህም። ለምን እጠይቃለሁ? አብሬህ ያለሁት እኔ ነበርኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት በመጣ ቁጥር መኪና ፍለጋ ነበር። ያ ማር አፍ የምንለው ደላላ መጀመሪያ ያሳየንን ታስታውሳለህ? የሴት መኪና ናት፣ አንዲት እመቤት ገበያ ደርሳ የምትመለስባት፣ ድንግል ናት እያለ ይምላል። እኔ ካልሲ ያለበስኩትን ማግኔት በሩ ላይ ሳስጠጋው ዱብ አለ። ክንፉ ላይም ዱብ። ከላይ እስከ ታች ስቱኮ ነበር፣ ብረት የሚባል ነገር የለበትም! እመቤቲቱ ግድግዳ ለግድግዳ ነበር እንዴ የሚነዱት ብዬ ስጠይቀው፣ አንተ መስታወቷን ተደግፈህ እንባህ እስኪፈስ ሳቅህ። ሁለተኛዋ ሞተሯ ልዝብ ያለ ነበር፤ ምንጣፏን ስገልጠው ግን መፍቻዬ ወለሉን በስቶ አስፋልት ነካ። አንዱ ጎረምሳ ደግሞ የመኪናውን ሞላ በመጋዝ ቆርጦት ጎማው ክንፉን ሲፍቅ ደረስንበት፤ ዝቅ ስትል ታምራለች አለን። አንዷን አንተ ራስህ ጆሮህን ኮፈኗ ላይ ጣል አድርገህ ሰማህና፣ ወፍራም ዘይት አጠጥተው ሳሏን አፍነውባታል፣ እንሂድ አልከኝ። ሞተር ስትሰማ አፍህን ከፈት ታደርጋለህ። እንዴት እንደምወድልህ አታውቅም።

እንዲህ እንዲህ ስንል ዘጠነኛዋ ላይ ደረስን። የጡረተኛው የሒሳብ መምህር። ከቤታቸው ጀርባ ብርድ ልብስ አልብሰዋት፣ አራት ማዕዘን ክብሪት የምታህል፣ ቀለሟ ፀሐይ የበላት ሰማያዊ። ማግኔቴ ባስጠጋሁበት ሁሉ ጥብቅ አለ። ከሥሯ ገብቼ ተኛሁ፤ ወለሏ ደረቅ፣ ብረቷ ሙሉ። አንተ ሰማሃት፤ ምንም ሳትል ራስህን ነቀነቅክ። ችግሩ ሰውየው ነበሩ። ሦስት ጎረምሳ መጥቶብኝ ሦስቱንም መልሻለሁ፣ ይቺን መኪና እብድ ሆኖ ለሚያጋጫት አልሸጥም አሉ። አሰብ አደረግህና እጅህን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገህ ምን አልክ? ነጂዋ ይቺ ልጄ ናት አልካቸው። ሴት ልጅ ናት፣ ጠንቃቃ ናት አልካቸው። መምህሩ ፊቴን ሳይሆን እጄን አዩ፤ ጥፍሬ ሥር ያለውን ቅባት አዩ። ቁልፉን ለአንተ አልሰጡህም። እዚህ እጄ መሐል አስቀመጡት።

ማር አፍም የሴት መኪና ብሎ ዋሸ፣ አንተም ዋሸህ። ልዩነቱ የእሱን ውሸት ማግኔት አጋለጠበት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ስምንት ወር ብነግርህ ምን ይጠቅማል። የኋላ ወንበሯን አወጣሁ፣ ምንጣፏን ላጥኩ፣ ሬዲዮኗን ነቀልኩ፣ ላሜራዋ ላይ የተለጠፈውን ሬንጅ በመሮ ስፍቅ ክንዴ ዛለ። አሞርዛተሯን ቀየርን፣ ጠንካራ ሞላ ገባላት፣ የፍሬን ሸራና ዘይቷ አዲስ ሆነ። ብትገለበጥ ጣሪያው እንዳይደፋበት ብለህ ያሠራኸኝን ቱቦ በእጄ አጥፌ፣ ስድስት ቦታ በየድኩት። እንዳይደፋበት ነው ያልከው። ያኔ እንኳን አልነቃሁም።

ወንበሩ ላይ ደረስን። አንድ ወጥ የሆነ፣ የማይንሸራተት፣ የማይተኛ ወንበር። በብሎን እንሰረው፣ ሌላ ቁመት ያለው ሰው መንዳት ቢፈልግ እንድናነሳው ብዬህ ነበር። ብሎን አላምንም፣ ይበየድ፣ ለአንድ መኪና አንድ ነጂ ይበቃል አልከኝ። አንዱ ነጂ እኔ መሰልኩህ? ለአንተስ አልመሰልኩህም፤ ለራሴ ነው የመሰልኩት።

ያን ሐሙስ ጎማ ላመጣ ሄጄ ስመለስ ወለሉ ላይ በጠመኔ አራት ምልክት አድርገሃል። በትክክል ምልክቱ ላይ፣ ፀጉር እንኳ እንዳታሳልፊ አልከኝ። አላሳለፍኩም። አራቱን እግር በየድኩ፣ እስኪበርድ ጠበቅኩና ቁጭ አልኩበት። አባዬ፣ ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው ረገጥኩት፤ ጉልበቴ ትንሽ እንደታጠፈ ነው። ክንዴን ዘረጋሁ፤ አንጓዬ መሪው አናት ላይ አረፈ። ጀርባዬ ከወንበሩ አልተላቀቀም። ማንም ሜትር ይዞ አልለካኝም ነበር። በዚያ በደከመ ዓይኑ እግሬን አይቶታል፣ ሰባት ዓመት አጠገቡ ስቀመጥና ስነሳ ቁመቴን በልቡ ይዞታል አልኩ። ጭንብሌን ወደ ታች መለስኩና ውስጡ አለቀስኩ። ምነው ሲያስነጥስሽ ብለህ ስትጠይቀኝ ጭሱ ነው አልኩህ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ልጅህ ነበርኩ። የምልህ ይገባሃል? ሦስት ሳምንት። ጓንት ገዛሁ፣ ቀጭን ቆዳ፣ የሚነዱበት። ለእማዬ ወንበሩ ልክክ ብሎልኛል ብዬ ስነግራት፣ ከስፌት መኪናዋ ላይ ቀና ሳትል ክሯን በጥርሷ ቆረጠችና እሰይ የኔ ልጅ አለችኝ። እማዬ የልብስ ስፌት መኪናዋ ላይ ስትሆን ብዙ አታወራም።

ከዚያ ወንድሜን ጠራኸው። ጎረቤቱ ተሰበሰበ፣ ጎማ ጠጋኙ ሥራውን ዘግቶ መጣ። ሸራውን እኔው ነኝ የገፈፍኩት። ጓንቴ የኋላ ኪሴ ውስጥ ነበር። አንተ ንግግር አደረግህ፤ ስለ ቤታችን ስም፣ ስለ እጅ ሥራ። ከዚያ ቁልፉን አወጣህና በእኔ በኩል አልፈህ ለእሱ ሰጠኸው። በእኔ በኩል አልፈህ! ትከሻህ ትከሻዬን ነክቶታል።

እሱም የቢሮ ጫማውን እንዳደረገ ገባ። እንደ ስልክ እንጨት የረዘመ ሰው መግቢያው ላይ ታጠፈ፣ ተጠቀለለ፣ ጉልበቱ መሪውን ገጨው። ፍሪሲዮን ለመርገጥ ጉልበቱን አገጩ ድረስ ማንሳት ነበረበት። አባዬ ለድንክ ነው እንዴ የሠራኸው ብሎ ሳቀ። ሰው ሁሉ ሳቀ። አንተ ደነገጥህ፤ በቱታው ነው የለካሁት፣ እናቱ ናት አውጥታ የሰጠችኝ እያልክ ሮጠህ ገባህ። ሰባት ዓመት የቆየውን ሰማያዊ ቱታ አመጣህና ወንበሩ ላይ ዘረጋኸው። እግሩ ፔዳሉ ላይ ልክ ደረሰ። ይኸው! አልክ። ጎማ ጠጋኙ፣ ሰውየው በሠላሳ ዓመቱ እያደገ ነው ማለት ነዋ ሲል ሳቁ እንደገና ፈነዳ። እማዬ በሩ ላይ ቆማ ነበር። አፏ ውስጥ ስፒል ይዛ ስለነበር ምንም አላለችም።

የጠመኔው ምልክት ገባኝ። እኔ ጎማ ላመጣ በሄድኩበት፣ አንተ ምስማር ላይ ተሰቅሎ የነበረ ባዶ ልብስ ወንበር ላይ አስቀምጠህ ለካህ። አጠገብህ ሥጋ ለባሽ ሰው እያለ።

ልናገር አላሰብኩም ነበር፤ አፌ ነው ያመለጠኝ። ለእኔ ልኬ ነው አልኩ። አንተ ሳቅህ። አንቺ ደግሞ፣ ሴት ልጅ በእሽቅድምድም መኪና ስትዞር ሰው ምን ይላል፣ ይልቅ ግራይንደሩን አምጪና ቁረጪው አልከኝ። ሰባት ዓመት ለደንበኛው ሁሉ ወንድ ስታደርገኝ ከርመህ፣ ለአንድ እሁድ ሴት ሆንኩብህ። ስትገዛት ሴት፣ ስሠራት ወንድ፣ ልነዳት ስል እንደገና ሴት። የቱን ልያዝልህ?

ግራይንደሩን አመጣሁ፣ ሰካሁት። ከዚያ ወንድሜን አየሁት። ሰዓቱን እያየ ነበር። መኪናዋን አልጠየቀህም፤ ስለ መኪና ፊደል አያውቅም። አንተ ነህ እሁድ እሁድ እንዲመጣልህ የፈለግኸው። ያን ሁሉ ወር የሠራሁት ማባበያ ነበር፤ የጠፋው ልጅህ ደጅህን እንዲረግጥ። ይህ ሲገባኝ አልተናደድኩም። በየቀኑ ለሚመጣ ሰው ማን ማባበያ ይሠራል? እኔን ማን ይናፍቀኛል፣ እዚያው ነኛ! ግራይንደሩን ነቀልኩት፣ ገመዱን ጠቅልዬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። በሦስተኛው ቀን ልብሴን ይዤ ወጣሁ። ከውስጥ ድምፄን እየሰማህ አልወጣህም።

አሁን የምሠራው የመስኮት ብረትና የአጥር በር የሚሠራበት ቤት ነው። አለቃችን ክፉ አይደለም። ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት አበባ እበይዳለሁ፤ ዛሬ አርባ አበባ፣ ነገም አርባ አበባ። ክፍሌ መስኮቱ የጎረቤት ግድግዳ ነው የሚያየው። መንገድ ላይ መኪና ሲያልፍ ግን አፌን ከፈት አድርጌ እሰማለሁ። ያንተው ልማድ ነው፤ ጥሎብኝ አልሄደም።

እንግዲህ መልሴ ይህ ነው፤ አልቆርጠውም። የበየድኩት እኔ ነኝ፣ በእኔ እጅ አይነሳም።

ሌላ በያጅ ካመጣህ ግን እግዚአብሔር ይይልህ፣ አደራ ስማኝ። ወለሉ ስስ ነው። ከሥር ወፍራም ላሜራ ሳያስደግፍ ብቻውን ከበየደው፣ ፍሬን ጠንከር ተብሎ ሲያዝ ወንበሩ ወለሉን ቀድዶ ይወጣል፤ ወንድሜም ከነወንበሩ መሪው ላይ ነው የሚለጠፈው። እኔ ያስደገፍኳቸው አራት ቁራጮች ነበሩ፤ ሲቆርጥ እንዳይጥላቸው በለው። ቀለሙንም አስቀድሞ ፍቆ ያንሳ፣ ቀለም ላይ አይበይድ። ወንድሜ ምን አደረገኝ? ምንም። እሱም እንደኔ ሳይጠየቅ የተለካ ሰው ነው።

ካልተነካ ግን፣ አባዬ፣ በዚያ እሁድ ጠዋት አሮጌው ማረፊያ በር ላይ እቆማለሁ። ጓንቴን እይዛለሁ። ወንበሩ ባለበት ካለ፣ ቁልፉን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ መምህሩ እንዳደረጉት እዚህ እጄ ላይ ታስቀምጠዋለህ። አንድ ዙር ነው የምጠይቅህ። አንተ ጎማው ላይ ተቀምጠህ ሞተሩን ስማው፤ እኔ መሆኔን ካላወቅህ ሁለተኛ አልጠይቅህም። ተቆርጦ ካገኘሁት ግን በጎማ ጠጋኙም በሌላም አትላክብኝ። ሰውየው አርጅቷል፣ መንገዱ ያደክመዋል።

በል አባዬ፣ ፈጣሪ ዓይንህን ይመልስልህ፣ ጉልበትህን ያጽናልህ። ጆሮህን አይንሳህ። ቤታችሁን ሰላም ያድርገው፤ ከሰው አፍ ይጠብቃችሁ። ተቀይሜሃለሁ፤ ግን ጠብታህን ጨምር።

ሴት ልጅህ

እማዬ፣ እዚህ ላይ ድምፅሽን አጥፊና ለራስሽ አንብቢው። ወንድሜን ሳትለኪው በየዓመቱ ሱሪ ሰፍተሽ በአውቶብስ ትልኪለታለሽ፤ አንድም ቀን አጠረኝ ረዘመኝ ብሎ አያውቅም። ስወጣ ሻንጣዬ ሥር የከተትሽልኝን ሰማያዊ ቱታ ትናንት አወጣሁት። ጨርቁ በሰባት ዓመቱ ደብዝዟል። የእግሩ ጫፍ የተሰፋበት ክር ግን አዲስ ነው። ዛሬ ለብሼው ሥራ ገባሁ። ልኬ ነው።